የ60 ሰዓት ባለሙያ

«ቤት ለመሸጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ?» በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ ይህ ያለቀለት ፍርድ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ልጅ ቨርጂኒያ ቴክ ወይም ሪችመንድ የሚገኘው ቪሲዩ ገብቼ በሪል ስቴት ዲግሪ ልያዝ ቢል አባት ፊቱን ያጠቁራል፤ እናት የእከሌን ልጅ ታነሳለች። ሁለት ወር ኦንላይን ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ላይሰንሱን አውጥቶ ይኸው በዓመቱ መርሴዲስ ይነዳል። ሌላው በ60 ሰዓት የጨረሰውን አራት ዓመት ሙሉ ብድር ተሸክሞ መማር ምን የሚሉት ጅልነት ነው?

ስሌቱ የተቃና የሚመስለው ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርገን ስለያዝናቸው ነው። ላይሰንስ ማለት ሰው ቤት አሻሽጦ ኮሚሽን ቢወስድ እንዳይከሰስ ስቴቱ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። እኛ ግን የዕውቀት ምስክር ወረቀት አድርገነዋል። ከዚያም በዕድሜያችን ትልቁን ዕዳ የምንፈርመው ይህ ወረቀት በእጁ ስላለ፣ አማርኛም ስለሚናገር ብቻ ባመንነው ሰው ምክር ነው።

ወረቀቱ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ቨርጂኒያ የ60 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አገር አቀፉ 80 ጥያቄ፣ የስቴቱ 40። ከመጀመሪያው 56፣ ከሁለተኛው 30 የመለሰ አለፈ። በመጀመሪያው የሥራ ዓመት 30 ሰዓት ይጨምርበታል። ካሊፎርኒያ 135 ሰዓት ትላለች፤ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ የጸጉርና የውበት ሥራ (ኮስሞቶሎጂ) ላይሰንስ ለማውጣት 1,000 ሰዓት መማር ግድ ነው። የተበላሸ ጸጉር ግን በራሱ ጊዜ ይበቅላል።

የሰዓቱ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የባሰው በእነዚያ ሰዓታት የሚደረገው ነው። የፈተና ዝግጅት የሚባለው ሥራ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ የሚሸጠውም የጥያቄ ክምር ነው። አንድ ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት መሆኑን የማያነበንብ ተፈታኝ የለም፤ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በኤከር የሚገዛ የሐበሻ ቤተሰብ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ኤጀንቱ ለደንበኛው ያለበት ስድስት ግዴታ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቱ ተገጣጥመው «ኦልድ ካር» ተብለው ይሸመደዳሉ፦ መታዘዝ፣ ታማኝነት፣ ማሳወቅ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሒሳብ ማወራረድ፣ ተገቢ ጥንቃቄ። ስማቸውን መለየት ነጥብ ያስገኛል። ተገቢ ጥንቃቄ የሚባለው ማክሰኞ ማታ፣ ደንበኛው ልፈርም ብሎ ሲቸኩል፣ ምን መልክ እንዳለው ግን አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ አይፈተንም።

ጥንቃቄው በተግባር ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። 300,000 ዶላር የተለጠፈበት ኮንዶ አለ እንበል፤ ለነዋሪዎች ማኅበር የሚከፈለው የወር መዋጮ 650 ዶላር ነው። በዚያው ሰፈር የወር መዋጮው 100 ዶላር ብቻ የሆነ ታውንሃውስ በ380,000 ይሸጣል። ገዢው «አቅሜ ኮንዶ ነው» ይላል፤ ኤጀንቱም «ትክክል» ይለዋል። በ7 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት ብድር፣ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር በወር 6 ዶላር ከ65 ሳንቲም ያስከፍላል። ስለዚህ በየወሩ ለመዋጮ የምትወጣ 100 ዶላር ወደ 15,000 ዶላር የሚጠጋ ብድር ትሸከም ነበር ማለት ነው። የሁለቱ መዋጮ ልዩነት 550 ዶላር ነው፤ ይህም 82,000 ዶላር ያህል ብድር ይሆናል። ታክስና ኢንሹራንሱን ትተን፣ ርካሽ የተባለው ኮንዶና ውድ የተባለው ታውንሃውስ በየወሩ ከኪስ የሚያስወጡት ገንዘብ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። እርግጥ ነው የኮንዶው መዋጮ ለጣሪያውና ለአሳንሰሩ ይውላል፤ የታውንሃውሱ ባለቤት ጣሪያውን የሚጠግነው ከራሱ ኪስ ነው። ይህም ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ግን ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያሰላው? ይህ የመጀመሪያ ዓመት የፋይናንስ ትምህርት ነው። በሪል ስቴት ዲግሪ የሚማር ተማሪ ተኝቶም ይሠራዋል።

መዋጮው ደግሞ ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ ውስጥ የተደረመሰው የኮንዶ ሕንጻ 98 ሰዎች ገድሏል። ጥገናው ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ፣ ነዋሪዎቹም ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዋጡ የተጠየቁበት ሕንጻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አበዳሪዎች የነዋሪው ማኅበር ለጥገና ያስቀመጠውን ገንዘብ አጥብቀው ይጠይቃሉ። በቨርጂኒያ ገዢው የማኅበሩ ሰነድ ከደረሰው በኋላ፣ በውሉ ካልተራዘመ በቀር፣ በ3 ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። በእጁ ያለው ትልቁ መከላከያ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ በዚህ ስቴት ሻጭ ስለ ቤቱ ጉድለት በዝርዝር የመናገር ግዴታው እጅግ ጠባብ ነውና። በእነዚያ 3 ቀናት የሚሆነውን ግን ቤት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ወፍራሙ ሰነድ በኢሜይል ይመጣል፤ ከሥሩ «እዚህ ጋ ፈርሙ» የሚል ቢጫ ምልክት አለ፤ ኤጀንቱ ደውሎ «ፎርማሊቲ ነው» ይላል። የመጠባበቂያ ገንዘብ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ አልተማረም። ያልተማሩትን ማስረዳት ደግሞ አይቻልም።

በጣም የሚያስቆጨኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ኤጀንት ደንበኛውን በዘሩ፣ በትውልድ አገሩ ወይም በሃይማኖቱ የተነሳ ወደ አንድ ሰፈር እንዳይመራ፣ ከሌላውም እንዳያርቅ ይከለክላል። ተፈታኙ «ስቲሪንግ» የሚለውን ቃል አጥንቶ ትክክለኛውን ፊደል አጥቁሮ ያልፋል። ከወር በኋላ ቲክቶክ ላይ ብቅ ብሎ «ሐበሻ የሚበዛበት፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ቅርብ የሆነ ምርጥ ሰፈር» እያለ በአማርኛ ያስተዋውቃል። ያጠናው ቃልና የሚሠራው ሥራ አንድ መሆናቸው አልታየውም፤ የመጥፎ ልብ ጉዳይም አይደለም። ትርጉሙን ሸምድዷል፤ ሕጉ ለምን እንደወጣ፣ ማንን አስለቅሶ እንደወጣ አልተነገረውም። ደንበኛ «ሐበሻ የት ነው የሚበዛው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰፈሩን መምረጥ የገዢው ፋንታ መሆኑን በትሕትና ማስረዳት ያለበት እሱ ራሱ ነበር።

የዕውቀት ደረጃ ማስቀመጥ አይቻልም እንዳይባል፣ እዚያው ክሎዚንግ ላይ ስሙ የሚነሳ ሌላ ባለሙያ አለ፤ ገማቹ ወይም አፕሬይዘሩ። የቁጠባና ብድር ተቋማት ቀውስ በ1980ዎቹ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ ኮንግረሱ በ1989 ሕግ አውጥቶ ገማቾችን በላይሰንስ ሥርዓት ውስጥ አስገባ። ዛሬ ማንኛውንም ዓይነት ንብረት የሚገምት ሰርቲፋይድ ጄኔራል አፕሬይዘር ለመሆን የባችለር ዲግሪ፣ 300 ሰዓት ትምህርትና 3,000 ሰዓት የተመሰከረለት ሥራ ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤት ብቻ ለሚገምተው ሰርቲፋይድ አፕሬይዘር እንኳ 200 ሰዓት ትምህርትና 1,500 ሰዓት ሥራ ይጠየቃል። ገማቹ የሚሠራው ለአበዳሪው ነው። ባንክ ገንዘቡን ሲያወጣ አጠገቡ እንዲህ የተፈተነ ሰው ይቀመጥለታል፤ ያንን ገንዘብ ለ30 ዓመት የሚከፍለው ገዢ ግን የ60 ሰዓት ተማሪ ይበቃዋል ተብሏል። ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ ቤቱም ያው ቤት ነው።

ደረጃው ዝቅ ያለው በቸልተኝነት አይመስለኝም። ብዙ ኤጀንት መኖሩ የሚጠቅማቸው አሉ። የአሜሪካ ሪልተሮች ማኅበር አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል አባላት አሉት፤ በ2024 በአገሪቱ የተሸጡት ነባር ቤቶች ግን ወደ 4.06 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሽያጭ የገዢና የሻጭ ወገን ቆጥረን ብናካፍል ለአንድ አባል በዓመት አምስት ተኩል እንኳ አይደርስም። ጥቂቶች በደርዘን ስለሚሸጡ የብዙኃኑ ድርሻ ከዚህም ያነሰ ነው። ታዲያ አዲስ ሰው ያለማቋረጥ የሚመለመለው ለምንድን ነው? አዲሱ ኤጀንት የቢሮ፣ የአባልነት፣ የሥልጠና እያለ ይከፍላል፤ ከሁሉ በላይ ዘመዶቹን ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት «ስልክህ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ዘርዝር» ይባላል። በእኛ ዘንድ ያ ዝርዝር የዕድሩ፣ የዕቁቡ፣ የማኅበሩና የክርስትና ልጅ ወላጆች ዝርዝር ነው። ሁለት ሦስቱን ዘመዶቹን ካገለገለ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ ኡበሩ ይመለሳል፤ የቢሮው ኃላፊ የሆነው ብሮከር ድርሻውን ወስዷል፣ ቀጣዩም ምልምል ተራውን ይጠብቃል። የአንድ ሰው የመማሪያ ወጪ በአክስቱ ሞርጌጅ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

«ስደተኛውን በሩን ልትዘጋበት ነው?» እንደምባል አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው ዲግሪ ሳይጠየቅ የገባበት፣ ልጆቹን ያስተማረበት ሙያ ይህ ነው። ከእነሱም መካከል በልምድና በንባብ ራሳቸውን ያበቁ፣ ከማንም ባለዲግሪ ጋር የማልለውጣቸው አሉ። ስለዚህ ዲግሪ ግዴታ ይሁን አልልም። የዩኒቨርሲቲውም ታሪክ ቢሆን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ሆመር ሆይት በ1933 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ዘሮችንና ብሔሮችን በመሬት ዋጋ ላይ አላቸው ባለው ተጽዕኖ በደረጃ አስቀምጦ ነበር፤ ከላይ እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ ከታች ጥቁሮችና ሜክሲኮዎች። በማግሥቱ ዓመት የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር የኢኮኖሚ ባለሙያ አድርጎ ቀጠረው። የሪልተሮቹ ማኅበር ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ1924 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ መግባታቸው የሰፈሩን ዋጋ ይጎዳል የተባሉ ዘሮችን አባላቱ ወደ ሰፈር እንዳያስገቡ ከልክሎ ነበር። ስለ አድሎው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው።

ነገር ግን ያንን ስሕተት ያፈረሰውም ጥናት ነው። ሉዊጂ ላውረንቲ በ1960 ያሳተመው ሥራ ነጭ ያልሆኑ ቤተሰቦች የገቡባቸውን ሰፈሮች ካልገቡባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ዋጋ ይወድቃል የሚለው እምነት በመረጃ እንደማይደገፍ አሳየ። ሽምደዳ እንዲህ ዓይነት ሥራ መሥራት አይችልም። በ1930ዎቹ የፈተና ጥያቄ ቢወጣ ኖሮ የሆይት ደረጃ ትክክለኛው መልስ ተደርጎ ይጠና ነበር፤ ተፈታኙም ፊደሏን አጥቁሮ ያልፍ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የምፈልገው ይህንን የመጠየቅ ልማድ ነው። ለዚህም የግድ አራት ዓመት አያስፈልግም፤ በኮሚኒቲ ኮሌጅ በማታ የሚሰጥ የፋይናንስ፣ የግምትና የንብረት ሕግ ትምህርት ብዙ ርቀት ይወስዳል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ በሪል ስቴት ዲግሪ ላለው ሰው ለብሮከርነት የሚጠየቀውን የሁለት ዓመት ልምድ ታነሳለታለች። ዲግሪውን ከንቱ የምትሉ ወላጆች ይህችን ለልጃችሁ ነግራችሁታል?

አሁን ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። የሪልተሮቹ ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማበት የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ፣ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ገዢ ከኤጀንት ጋር ቤት ከመጎብኘቱ በፊት በጽሑፍ መዋዋል አለበት። የኤጀንቱ ክፍያ በውሉ ላይ በግልጽ ይሰፍራል፤ መጠኑም በድርድር ነው። ከዚያ በፊት «ለአንተ ነጻ ነው፣ ሻጩ ነው የሚከፍለኝ» ይባል ነበር። አሁን 500,000 ዶላር ለሚያወጣ ቤት 3 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ዶላር፣ የሚጽፍ ኤጀንት በምን ዕውቀቱ እንደሚጽፍ ሊጠየቅ ይችላል። መጠየቁ ነውር የሚመስለን «የእኛ ሰው» ስለሆነ ብቻ ነው። የነዋሪዎቹን ማኅበር ሰነድ አብሮኝ ያነባል ወይ? መዋጮውን ወደ ብድር ቀይሮ ያሳየኛል ወይ? ካለፉት ሽያጮቹ ደንበኛውን «ይህን ቤት አትግዛ» ያለበት አንድ ስንኳ አለ ወይ?

የሐበሻ ብሮከሮችም ከስቴቱ ትእዛዝ መጠበቅ የለባቸውም። አዲስ ኤጀንት የመጀመሪያዎቹን አሥር ሽያጮች ከነባር ጋር ተጣምሮ፣ ኮሚሽኑን ተካፍሎ እንዲሠራ ማድረግ ይችላሉ፤ በሕግ ለሥራው ኃላፊ እነሱ ናቸውና። ይህን ያነሳሁባቸው አንድ ሁለት ብሮከሮች «እንዲህ ካልን ማን ይመጣልናል? ሌላ ቢሮ ይሄዳሉ» ነው ያሉኝ።