ሥጋን በሰውነት ውስጥ ሳለ የሚያይ ማይክሮስኮፕ

ከቤተ ሰብ አንዱ ለቀዶ ሕክምና በገባ ጊዜ በደጅ የሚጠብቁት ዘመዶች የሚጨነቁት ሐኪሙ ምን ያህል ቈርጦ ይሆን በማለት ነው። ጭንቀታቸውም የተገባ ነው፤ የካንሰር ሕመም ያለበት ሥጋ ጥቂት እንኳ ቢቀር በሽታው ሊመለስ ይችላልና፤ ጤነኛውም ከመጠን በላይ ቢወሰድ ብልቱ ሥራው ይጐድላልና።

ቀድሞ የሆድን ውስጥ ለማየት በሰፊው መቅደድ ግድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. የስዊድኑ ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ያኮቤዎስ በትንሽ ቀዳዳ መመልከቻ አግብቶ የሰውን ሆድ መረመረ። ሆኖም ለዓይን ጤነኛ የሚመስል ሥጋ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ስለዚህ ከሥጋው ቍራጭ ተወስዶ፥ በብርድ ጠንክሮ፥ በስሱ ተቈርጦና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ፥ በሽተኛው በተኛበት 20 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል።

አሁን ግን ማይክሮስኮፑ ራሱ ወደ ሰውነት የሚገባበት ብልሃት ተገኝቷል። መሠረቱም ከአንድ ነጥብ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ሌላውን መከልከል ነው፤ ለዚህም አሜሪካዊው ማርቪን ሚንስኪ በ1957 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ለበሽተኛው ፍሉኦረሲን የሚባል ቀለም በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ሰማያዊ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበትም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ የሥጋውም አሠራር 1000 ጊዜ ያህል ጐልቶ ይታያል። በ2004 በጀርመን አገር የማይንዝ ሐኪሞች ትልቁን አንጀት በዚህ መንገድ መመርመራቸውን አስታወቁ፤ ከዚያም ወዲህ በጥቂት ቀዳዳ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ተሞክሯል።

ነገር ግን መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያየው ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ጥልቀቱም ከሩብ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ወዴት መቍረጥ እንደሚገባው ይመራዋል እንጂ የላቦራቶርን ፍርድ አይሽርም።

እንግዲህ ይህ ምርመራ የታዘዘለት ሰው፥ ቀድሞ መድኃኒት ወይም ቀለም ተሰጥቶት ሰውነቱ ተቈጥቶ እንደ ሆነ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ከምርመራውም በኋላ ቆዳውና ሽንቱ ለጊዜው ቢጫ ቢመስሉ ቤተ ሰቡ አይደንግጥ፤ የቀለሙ ሥራ ነውና። ይልቁንስ «የላቦራቶሩ ውጤት መቼ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅን አይርሳ።