«ቦይለሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ልደብቀው ወይስ ይቅር?»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የ26 ዓመት ወጣት፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ውስጥ ተከራይተን ነው። ኩሽናችን ግድግዳ ላይ አከራያችን ድሮ ያስገቡት ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር አለ። ውሃ ማሞቁን ያሞቃል። ግን ዝጓል፣ ሽቦው ተንጠልጥሏል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍረኛል። አንድ አናጢ ከወለል እስከ ጣሪያ ግጥም ያለ ካቢኔት ልሥራልሽ ብሎኛል። ላይ ቦይለሩ ይደበቃል፣ መሐል ላይ የልጄን ጨርቅ አደርቅበታለሁ፣ ከታች ደግሞ ቡና ከተፈላ በኋላ የከሰል ምድጃውን አስገብቼ እዘጋበታለሁ። ልጄ መዳኽ ስለጀመረ ምድጃው ያስፈራኛል። ባለቤቴ ግን «ፈንድቶ ይጨርሰናል» ብሎ እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ገንዘቡን ሰስቶ ነው እላለሁ። ከተኮራረፍን ሳምንት ሆነን። ማነው ልክ?

ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህታችን፣ ቁርጡን እንንገርሽ። ባለቤትሽ ፈርቶ እንጂ ሰስቶ አይመስለንም። የፈራው ነገር ግን ከሁሉ የባሰው አይደለም። የባሰው አንቺ ለልጅሽ ብለሽ ያሰብሽው የታችኛው መደርደሪያ ነው!

መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ። የኤሌክትሪክ ቦይለር እሳት ስለሌለው አየር አይሻማም። ስለዚህ ካቢኔት ውስጥ መሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ጣጣው ያረጀ መሆኑና የሚያየው ሰው ማጣቱ ነው። 1500 ዋት የሚወስድ ቦይለር በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። የላላ ብሎን ወይም የተላጠ ሽቦ ካለ ቦታው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ግድግዳ ላይ ሲሆን ታዪዋለሽ። በቺፕውድ ከታሸገ በኋላ ግን የምታውቂው ጭስ ሲወጣ ነው። እዚያው ላይ የልጅ ጨርቅ ከተሰቀለማ እሳቱ የሚበላው ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው።

«ይፈነዳል» የሚለውስ? ዝም ብሎ አይፈነዳም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ሁለቱም ሲበላሹ ግን ይቻላል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ለ50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ትርፍ ይመጣል። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ጠብ ጠብ የምትለው ለዚህ ነው። «ታፈሳለች» ብሎ በጨርቅና በክር የሚደፍናት ሰው አለ። ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው! መውጫ ያጣ ውሃ ጋኑ ውስጥ ከመፍያው በላይ ይግላል። ጋኑ ሲቀደድ አንድ ሊትሩ ብቻ ከ1600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል።

እንግዲህ አናጢውን ከመጥራትሽ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሪ። ቴርሞስታቱን፣ ቫልቩን፣ ሽቦውን ይፈትሽ። ግራውንድ መኖሩንም ያረጋግጥ፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ግራውንድ የሌለው ቦይለር ሬዚስታንሱ የተበላሸ ቀን ውሃው ራሱ ይነዝራል። ውሃው የሚያፈሰው ከራሱ ከጋኑ ሆድ ከሆነ ደግሞ ጥገና አትሞክሪ። ጊዜው አልፏል፣ ይቀየር።

ደህና ነው ከተባለ የጅማ አናጢ በርጩማውን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ባለሙያ ነውና ይሄ አያቅተውም። እንዲህ በይው፦ ቦይለሩን ብቻ ይሸፍን፣ እስከ ወለል አይውረድ። ከላይና ከታች ፍርግርግ ይኑረው። በሩ በምስማር ሳይሆን በማጠፊያ ይሁን። ማብሪያ ማጥፊያው ከካቢኔቱ ውጪ ይቅር። ከቫልቩ የሚወርደው ቱቦ አፉ ተከፍቶ ወደ እቃ ማጠቢያው ይግባ። ውስጡ ጨርቅም፣ ላምባም፣ ከሰልም አይቀመጥ።

አሁን ወደ ከሰሉ። አቦል ቶና በረካ ካለቀ በኋላ ፍሙ አመድ ሲለብስ «ጠፍቷል» እንላለን። አልጠፋም! ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይይዛል። ካቢኔት ደግሞ አያግደውም፣ በስንጥቁ ወጥቶ ቤቱን ይሞላል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ ሲመጣ በርና መስኮት ግጥም አድርገን እንተኛለን። በአገራችን ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ስንት አሉ! ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከእናንተ ቀድሞ ይጎዳል። እሱን ከመቃጠል ልታድኚው ብለሽ መተንፈሻውን እንዳትመርዢበት።

መላው ቀላል ነው። ቡናው እንዳበቃ ምድጃውን ደጅ አውጪው። ልጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ አድርገሽ በአመድ ወይም በአሸዋ አዳፍኚው። ቤት የሚመለሰው ቀዝቅዞ በእጅ ሲነካ ነው። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከያዛቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ሎሚና ወተት ፍለጋ ጊዜ አይጥፋ።

በጋዝ ወይም በላምባ የሚነድ የውሃ ማሞቂያ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ልብ በሉ። የእናንተው አየርና ጭስ ማውጫ የግድ ይፈልጋል። ያለ ባለሙያ ፈቃድ ቁም ሳጥን ውስጥ አይታሰብም።

በመጨረሻ፣ እህታችን፣ ግድግዳውም ቦይለሩም የአከራያችሁ ነው። አንድ ምስማር ከመመታቱ በፊት እሳቸውን አማክሩ። የፍተሻውን ወጪም ምናልባት ይጋሯችሁ ይሆናል። ባለቤትሽን ግን ዛሬውኑ አናግሪው። በቦይለሩ እሱ ይበልጥ ልክ ነበር። ስለ ምድጃው መፍራትሽ ደግሞ ያንቺ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መደበቂያው ብቻ ነው። ለአንድ ልጅ ደህንነት ሁለት ወላጅ ሳምንት ሙሉ መኮራረፍ የለበትም።