ውሃው ይጨፍራል፣ ጀሪካኑ ይሰለፋል!

አንድ አብሮ አደጌ በቅርቡ ከኒውዮርክ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ቢቸና ቦኖ ውሃ ላይ አብረን ስንጋፋ ያደግን ነን። ፎቶግራፉ ላይ ክንፉን የዘረጋ የነሐስ መልአክ ከአንድ ፏፏቴ (የከተማ ሰው ፋውንቴን ከሚለው) አናት ላይ ቆሟል። ጓደኛዬም «አየህ፣ የእኛ ቦኖ እንዲህ ያለ ጠባቂ ነበር ያጣው» ብሎ ጽፎልኛል። ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ንድድ አለኝ።

ፏፏቴው ያለው ሴንትራል ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ነው። ስሙ ቤተ ሳይዳ ነው። አዎ፣ ያችው ቤተ ሳይዳ! መጻጉዕ 38 ዓመት የታመመባት፣ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያስገባው ሰው ያጣባት። መልአኩን የቀረጸችው ኤማ ስቴቢንስ የምትባል ሴት ናት፤ የተመረቀውም እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። (ወንድሟ የመናፈሻው ኮሚሽን ሹም ነበር። ዘመድ አዝማድ እዚያም አለ ማለት ነው! ሥራዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላሳፈራትም።) መልአኩ በአንድ እጁ አበባ ይዞ በሌላው ውሃውን ይባርካል። ከሥሩ ያሉት አራት ሕፃናት ጤናን፣ ንጽሕናን፣ ሰላምንና ራስን መግዛትን ይወክላሉ።

ለመሆኑ ለተራ ውሃ መልአክ ማቆም ምን ይሉታል? ምክንያት አለው። በ1832 ኮሌራ ገብቶ በዚያች ከተማ ከ3,000 በላይ ሰው ጨረሰ። የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ቆሻሻ ነበር። ስለዚህ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተሠርቶ የክሮተን ወንዝ ውሃ በ1842 ከተማ ገባ። ፏፏቴው የቆመው ከዚያ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ መልአኩ!

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። አዲስ አበባ ራሷ የውሃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ባይወዱት ኖሮ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርድ መች ይወርድ ነበር? በምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በቧንቧ ያወረደው ውሃም የገባው ቤተ መንግሥት ነው። እንግዲህ ከዚያው ቤተ መንግሥት ግርጌ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የወዳጅነት ፓርክ ተመረቀ፤ በሙዚቃ የሚጨፍር ፏፏቴም ተተከለለት። ለሸገር የወንዝ ዳርቻ ልማት ከዓመት በፊት አንድ የእራት ወንበር በ5 ሚሊዮን ብር መሸጡንም አልረሳነውም።

ፏፏቴውን ሄጄ አይቼዋለሁ። አልዋሽም፣ ያምራል! ሕፃናት ሲቦርቁ፣ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ ማየት ደስ ይላል፤ መናፈሻ ለምን ተሠራ የሚል ጭፍን ተቃዋሚም አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ሰዓት ቆሜ ውሃው ምን እንደሚያስታውሰን ሊገባኝ አልቻለም። የማንን ድካም? የትኛውን ድል? መብራቱ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ዘፈኑ አለቀ፤ ተበተንን። ቤቴ ስደርስ ቧንቧው እንደ ልማዱ ነፋስ ይተነፍሳል። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። ፈረቃው የተዛባ ሳምንት ጀሪካኖች እንደ ሰው ተሰልፈው ያድራሉ፣ እናቶች በየተራ ይጠብቋቸዋል።

ድንጋይና ነሐስ ማናገር እንችልበት የለም እንዳልል ስድስት ኪሎ አፌን ይዘጋኛል። የየካቲት 12 ሐውልት ላይ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቮች የቀረጹትን ምስል ያየ ሰው፣ ማንበብ ባይችል እንኳ፣ በ1929 ዓ.ም. ምን እንደደረሰብን ይገባዋል። ዛሬ ደግሞ የውጭ ሰው መጥራት አያስፈልገንም። አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንት ቀራጺ አስመርቋል!

እኔ የምጠይቀው ይኸን ነው። ለከተማችን ፏፏቴ ግልጽ ውድድር ይውጣና አንድ ምስል ይቀረጽለት፤ መልአክም ባይሆን ግድ የለም። እንስራ ያዘለች ሴት ትሁን። እናቴ ቢቸና ላይ ገና ጎህ ሳይቀድ በገመድ ጠፍራ የምታዝለው እንስራ ጀርባዋ ላይ ምልክት ትቶ ነበር። ዓባይ በሦስት ማዕዘን በከበበው ጎጃም! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ምስሉ ይመረቅ ሲባል ግን ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አስቀድሞ አይወሰን። የፈረቃው ሰሌዳ ከየሰፈሩ የተነሣ ዕለት ይመረቅ። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳው በመናፈሻው በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፣ ጎብኚ ሁሉ ገብቶ ሲወጣ ያንብበው።

ለጓደኛዬ መልስ ልጽፍለት ተቀምጬ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ቧንቧው መንጫረር ጀመረ። ባልዲ ላስቀምጥ፣ ጎረቤትም ልቀስቅስ።