ጎብኚና መንገደኛ በባሮ ዳር

«ቱሪስት» የሚለው የባዕድ ቃል በአማርኛ «አገር ጎብኚ» ተብሎ ሲተረጐም፣ ተርጓሚው ማንም ይሁን ማን ከገመተው በላይ እውነት ተናግሯል እንላለን። መጎብኘት በቋንቋችን የበላይ የሆነ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። አለቃ የበታቹን መሥሪያ ቤት ይጎበኛል፤ ሹም ግዛቱን ይጎበኛል፤ ባለጸጋ ርስቱን ይጎበኛል። በሽተኛ እንኳ ሲጎበኝ ጎብኚው ጤነኛ፣ ተጎብኚው የተኛ ነው። ጎብኚ አይቶ ይመለሳል፤ በሄደበት ቤት ጕድለት ቢያገኝ በደብተሩ ይመዘግበዋል እንጂ ጕድለቱ እርሱን አይነካውም።

መንገደኛ የሚለው ቃል ጠባዩ ሌላ ነው። የመሸበት ሰው በማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ራሱን ከባለቤቱ በታች አድርጎ ነው። እግሩን ያጥቡታል፤ ቤት ያፈራውን ያቀርቡለታል፤ እርሱም በፈንታው ስሙንና አገሩን፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ጎብኚ ይጠይቃል፤ መንገደኛ ይጠየቃል። ጎብኚ ዋጋውን ከፍሏልና ዕዳ የለበትም፤ መንገደኛ ግን የበላበትንና ያደረበትን ቤት ዕድሜ ልኩን እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። አሳባችን በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው፤ መመዘኛ አድርገን የምንወስዳትም ከተማ ጋምቤላ ናት።

አስቀድመን አንድ አጉል ትምክሕት እናንሣ። ወደ ድኻ አገሮች ከሚመጡት የባሕር ማዶ ሰዎች መካከል «እኔ ቱሪስት አይደለሁም፤ መንገደኛ ነኝ» የሚሉ አሉ። በትልቅ ሆቴል አያርፉም፤ በሕዝብ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ በጉልት ገበያ ስለ ጥቂት ሙዝ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ፤ ይህንንም ከሕዝቡ ጋር መኖር ይሉታል። ማዕርጉን የሰጡት ግን ራሳቸው ለራሳቸው ነው። እንግዳን እንግዳ የሚያሰኘው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱን የጠየቀው ደግሞ የለም።

ደግሞስ የመንገደኛ ስም ከጥንት ጀምሮ ንጹሕ ነበረን? በ1889 ዓ.ም. የሩሲያው መኮንን ቡላቶቪች ከእንጦጦ ተነሥቶ ባሮ ድረስ ሄደ፤ ስለ ጕዞውም መጽሐፍ አሳተመ። በ1891 ዓ.ም. ከፋሾዳ የተመለሰው የፈረንሳዩ ማርሻን በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወጥቶ በጎሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ አለፈ። ድካማቸው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የተጓዙት የኃያላን መንግሥታት ዓይን በዓባይ ወንዝና በገባሮቹ ላይ በተተከለበት ዘመን ነው። ደብተሩ ከመርከቡ ቀድሞ መጣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ጋምቤላ የተባለችው ከተማ በዚህ ውል በቆመው ጣቢያ ዙሪያ አደገች። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህም ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ እስከ ወጣች ድረስ ቆየ። ወንዙን በቋንቋው ኦፔኖ ብሎ የሚጠራው አኙዋክ ይህን ሁሉ ሲመጣና ሲሄድ በዳር ቆሞ ያየ ሕዝብ ነው።

የኑዌርን ቋንቋ ተምሮ በከብት በረታቸው ያደረው እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንኳ ጥናቱን የጀመረው በሱዳን ቅኝ ገዥዎች ጥያቄና ገንዘብ ነበር። ሆኖም አድሯል፤ ቋንቋቸውንም ተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚነበበው ስለዚሁ ነው።

ስለ ባዕድ ይህን ካልን ይበቃናል። አብልጦ የሚያሳስበን የገዛ አገራችን ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጎሬ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ተነሥቶ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው የባሮ ሜዳ ይወረዳል። ዛሬ ግን አውሮፕላን መንገዱን አሳጥሮታልና የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ረፋድ ላይ ይደርሳል። ስለ ሙቀቱ ያማርራል፤ በአዳራሽ ስብሰባ ይከፍታል፤ በባሮ ድልድይ አጠገብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዓሣ ይበላል፤ የውሎ አበሉን ፈርሞ ይመለሳል። ሪፖርቱም «የሥራ ጉብኝት» የሚል ርእስ ይሰጠዋል። ስሙ ትክክል ነው።

ነገሩ የጨዋነት ጕድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። የጎብኚ ዓይን ግን መሬትን ባዶ አድርጎ ያያል። የጋምቤላ ሜዳ ከመኪና መስኮት ሲታይ ሣር ብቻ ነው። አኙዋክ ውሃው ሲጎድል በወንዙ ዳር በቀረው ርጥበት በቆሎና ማሽላ እንደሚዘራበት፣ ኑዌር ከብቱን በክረምት ወደ ከፍታው፣ በበጋ ወደ ወንዙ እንደሚያመላልስበት፣ መዠንግርም በጫካው ዛፍ ላይ ቀፎውን እንደሚሰቅል ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ወራት መለዋወጥ አለባቸው። በ2003 ዓ.ም. ለአንድ የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር መሬት በኪራይ ሲሰጥ፣ መሬቱ ባዶ ነው የሚለው ቃል በብዙ አፍ ይነገር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን የበቆሎ እርሻ አጥለቀለቀው፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ባሮ እንደሚሞላ ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም ነበር፤ በኢታንግ መንገድ ዳር የቆመ እረኛ ይነግራቸው ነበር። እረኛውን ለመጠየቅ ግን ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል፤ ከወረዱም በኋላ እስኪመልስ መታገሥ።

ፎቶግራፍም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። የኑዌር ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በግንባሩ የሚሰመሩት ስድስት መስመሮች የኑዌርን ወንድነት የሚመሰክሩ ናቸው። በጋምቤላ ገበያ የአንድን ሽማግሌ ግንባር ሰላምታ ሳይሰጡ በስልካቸው የሚያነሡ የመሃል አገር ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የተማሩት ይበዛሉ። በደቡብ ኦሞ ነገሩ እስከ የት እንደ ደረሰ የታወቀ ነው። በዚያ የሙርሲ ሴት በአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ብላ ትቆጥራለች፤ ጎብኚውም ይቆጥራል፤ ሁለቱም ተቈጥተው ይለያያሉ። ሴቲቱን የሚወቅሱ ሰዎች እናገኛለን። እኛ ግን ማንም ቤቷ ገብቶ «እንደምን ዋልሽ» ባላላት ጊዜ ዋጋ ከመጥራት ሌላ ምን መልስ ኖሯት? እንላለን።

እንግዲህ በጋምቤላ እውነተኛው መንገደኛ ማን ነው? ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረው ስደተኛ ነው። በክልሉ ያሉት መጠለያዎች ከ300 ሺህ የሚበልጥ ስደተኛ አስተናግደዋል፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ ከ300 ሺህ ብዙ የማይበልጥ ነበር። አንድ ሕዝብ በቁጥር እኩያው የሚሆን እንግዳ ሲቀበል ኑሮው እንደማይቀልለት ግልጽ ነው፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ማገዶ፣ ስለ ውሃ ጠብ ተነሥቷል፤ ደምም ፈስሷል። ሆኖም የመሸበትን የማሳደር ሸክም የተሸከመው ይህ ክልል ነው። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን በየመድረኩ ስንናገር የላሊበላንና የጎንደርን ስም እንጠራለን፤ የኢታንግ ስም ግን ሲጠራ አይሰማም።

«ጎብኚ ካልመጣ ገንዘብ ከየት ይገኛል?» የሚሉን ይኖራሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ከቦማ ምድር ወደ ጋምቤላ ፓርክ ድንበር ተሻግሮ የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ በዓለም ካሉት ታላላቅ የዱር እንስሳት ጕዞዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በደቡብ ሱዳን በኩል የወጣው የአየር ቆጠራ ከሌሎች ድኵላ መሰል እንስሳት ጋር ወደ 6 ሚሊዮን ገምቶታል። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ይምጣም። ነገር ግን መሪው የአቦቦ ወይም የጎግ ልጅ ካልሆነ፣ ጎብኚው ካረፈበት ቤት የሚገኘው ገንዘብም ከከተማው ወጥቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ለባለቤቱ የሚቀረው የጎማ ዱካ ነው። ባለጸጋዋ ቬኒስ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ውሎ በሚመለሰው ጎብኚ ላይ በተመረጡ ቀኖች የመግቢያ ክፍያ ጥላለች፤ በከተማዋ የሚያድረውን ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ አድርጋዋለች። ለማደር ዋጋ መስጠት የአባቶቻችን ልማድ ነበር፤ አሁን ከጣሊያን እየሰማነው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። በጋምቤላ የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት በአኙዋክ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ ይሰጣል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። እንግዲህ የአቦቦው ልጅ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ጉዳዩን ለማስፈጸም በየቀኑ በእኛ ቋንቋ ውስጥ መንገደኛ ይሆናል፤ ይሳሳታል፤ ይሳቅበታል፤ ይታገሣል። ከመሃል አገር ሄደው በዚያ ዐሥር ዓመት ካገለገሉት መምህራንና ሹማምንት መካከል በአኙዋክ ወይም በኑዌር ቋንቋ ከሰላምታ አልፈው የሚነጋገሩ አሉ፤ እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን በስም የሚጠሩ ጥቂቶች መሆናቸው ያሳዝናል። ዐሥር ዓመት የኖረ ጎብኚ ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ «አውቃቸዋለሁ» ይላልና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደ ጋምቤላ የሚመደብ መምህር ከመሄዱ በፊት የሚሠለጥን ከሆነ ከሥልጠናው ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ለቋንቋ ይሰጡ፤ አስተማሪዎቹም የክልሉ ተወላጆች ይሁኑ። የመሥሪያ ቤቶች የጕዞ ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ነገር በኅዳርና በጥር እንዳይደረደር እንለምናለን። የጥንቶቹ መርከበኞች ለንግዳቸው ሲሉ የመጡት በክረምት ነበር። ከጕዞዎቹ አንዱ ነሐሴ ላይ ይሁን፤ ባሮ ሞልቶ በኢታንግ በኩል ያለው መንገድ በሚቋረጥበት ወር፤ ባለሙያውም መኪናውን አቁሞ በሰው ቤት የሚያድርበት ሌሊት ያግኝ።