ቅንጦቱ የታለ?

እንደ ቆቦ ላሉ ከተሞች የምክር ቤት ምርጫ ቅንጦት ነው፣ ባለሙያ መሾም ይበቃል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ማስረጃው የ1997ቱ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ምርጫ ነው። እሺ፣ እንየው። ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ፤ ከተማዋን ግን ሳይረከብ ቀረ። በ1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። በ2000 ኢሕአዴግ በተራው 137 ወሰደ። ታዲያ ጥፋቱ የመራጩ ነው? እሱማ ተሰልፎ ድርሻውን ተወጥቷል።

የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲወርድ፣ የውኃ መውረጃው ለምን እንዳልተጠረገ የቆቦ ሰው ማንን ይጠይቅ? ተሿሚ የሚፈራው የሾመውን ነው። ማሽላ ሻጯ ብትጮህበት ከወንበሩ አታነሳውም። ደግሞስ አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል።