ጉበቱ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ። ለእኔ ታዝዞልኝ ከተረፈው የሳል ሽሮፕ ግማሽ ማንኪያ ላጠጣው ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮዴይን አለበት!» አራት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝና ተቆጣሁ። እሷ ግን ፋርማሲስት ናት፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ።

የጂን ካርታ ማለት ከወላጆቻችን የወረስነው እያንዳንዱ ጂን በየትኛው ክሮሞዞም፣ የቱ ቦታ ላይ እንደሚገኝ ማወቅ ነው፤ እንደ ቀበሌና የቤት ቁጥር። ቦታው ከታወቀ ጂኑ ከሰው ሰው እንዴት እንደሚለያይ መመርመር ይቻላል። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጂን፣ ጉበታችን ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይርበትን ኢንዛይም ያሠራል። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ጂን ተደርቦ ይገኛል። ያን ጊዜ ሞርፊኑ ቶሎ ይበዛል፤ የሕፃን ትንፋሽ እስከማቆም ሊደርስ ይችላል።

ይበልጥ የደነገጥሁት ቀጥሎ በነገረችኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ጂኑ የተደረበባቸው ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል።

እኛ አያቶች «ዓይኑ የአያቱ፣ ግንባሩ የአባቱ» ማለት እንወዳለን። ጉበቱ የማን እንደሆነ ግን መልኩ አይናገርም። ስለዚህ የተረፈ ሽሮፕ ለልጅ አትስጡ፤ ፋርማሲ ስትሄዱም «ኮዴይን አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠርሙሱን ለልጄ አስረክቤያለሁ።