የባርባራ ጎርደን ቁስል የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ከባትማን ታሪኮች ሁሉ ምርጡ ነው የሚሉ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። ከሃያ ዓመት በላይ በኮሚክስ የኖረችው ባርባራ ጎርደን በዚህ መጽሐፍ የምትሠራው አንድ ነገር ነው፦ በር ትከፍታለች። ደጃፉ ላይ የቆመው ጆከር ተኩሶ ሽባ ያደርጋታል፤ ልብሷን ገፎ ፎቶ ያነሳታል። ፎቶው አባቷን፣ ኮሚሽነር ጎርደንን፣ ለማሳበድ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የሦስት ወንዶች ይሆናል። እሷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለጥቂት ምስሎች ብቅ ትላለች፤ እዚያም የሚያስጨንቃት የአባቷ ነገር ነው።

የመጽሐፉ ጠበቆች «አጃቢ ገጸ-ባሕርይ ናት፤ ለሁሉም ገጽ አይበቃም» ይላሉ። ውኃ የማያነሳ ምክንያት ነው። አባትየውም አጃቢ ነው። ራቁቱን ታስሮ፣ የልጁን ፎቶ እንዲያይ ተገድዶ፣ ነፃ ሲወጣ ግን ጆከር በሕግ አግባብ እንዲያዝ ባትማንን አጥብቆ ያሳስበዋል። በዚያች አንድ ንግግር ሰው ይሆናል። ለባርባራ ይህን የሚያህል ንግግር ለመስጠት ስንት ገጽ ይፈጅ ነበር? የተመታችው ሴት ምን እንዳሰበች ለማወቅ የጓጓ አልነበረም፤ ጉዳዩ ይኸው ነው።

የአንድ መጽሐፍ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ይታለፍ ነበር። በ1973 የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ተወርውራ ስትሞት ለአንባቢ የተረፈው የፒተር ፓርከር ሐዘን ነው። በ1994 የግሪን ላንተርን ፍቅረኛ ተገድላ ፍሪጅ ውስጥ ተገኘች፤ ጌይል ሲሞን በ1999 በኢንተርኔት ላወጣችው የተጎዱ ሴት ገጸ-ባሕርያት ዝርዝር ስም የሆነው ይኸው ፍሪጅ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩት ኪም ዬልና ባሏ ጆን ኦስትራንደር ናቸው። በባርባራ ላይ የተፈጸመው ያንገበገባቸው እነዚህ ጸሐፊዎች ከ1989 ጀምሮ በ«ሱሳይድ ስኳድ» ውስጥ ኦራክል አድርገው መለሷት፦ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ፣ በኮምፒውተሯ ለጀግኖቹ መረጃ የምታቀብል። እዚያም አጃቢ ነበረች። ገጿ አልበዛም፤ ሥራ፣ ቁጣና ምርጫ ግን አገኘች። በ2011 አሳታሚው ታሪኮቹን እንደ አዲስ ሲጀምር በእግሯ አቁሞ ወደ ባትገርልነት መለሳት። ብዙ አንባቢዎች ተቆጡ፤ ሲወዷት የኖሩት ኦራክልን ነበርና።

ስለዚህ «ዘ ኪሊንግ ጆክ»ን የሚያወድሱ ሐያሲያን ሚዛናቸውን ያስተካክሉ። የብራያን ቦላንድ ሥዕል ድንቅ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ በባርባራ ላይ የሆነውን ግን መጽሐፉ አልጻፈውም፤ የጻፉት ዬልና ኦስትራንደር ናቸው።